የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የምናገረው በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ስለሚሰፍር አንድ ቁጥር ነው። ቫይታሚን ዲን በደም መለካት በአዲስ አበባም ሆነ ዘመዶቻችን በሚኖሩባቸው የውጭ ከተሞች እየተለመደ መጥቷል። ድካም የበዛበት፣ ወገቡን ያመመው፣ ፀጉሩ የሚረግፍበት ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ይህም ይታዘዝለታል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ምልክቱን ያየ ሰው ወይ በሽታ ተገኘብኝ ብሎ ይደነግጣል፣ ወይም ለድካሙ ሁሉ ምክንያት የተገኘለት መስሎት እፎይ ይላል። ሁለቱንም እረዳለሁ፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው። ቁጥሩ ብቻውን የበሽታ ስም አይሆንም። ትርጉም የሚኖረው ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ፣ ወሰኑን ማን እንዳወጣውና ከሁሉ በላይ ደሙ የተቀዳው ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሲታወቅ ነው።

እስቲ አንድ የተለመደ የውጤት ወረቀት በፊታችን እንዘርጋ። በመጀመሪያው ዓምድ የምርመራው ስም ተጽፏል፦ «25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ»፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ አሳጥሮ «25-ኦኤች» ይለዋል። በሁለተኛው ዓምድ 18.4 የሚል ቁጥር አለ። ከእሱ ቀጥሎ መለኪያው «ናኖግራም በሚሊሊትር» ተብሎ ሰፍሯል። ቀጥሎ ደግሞ የማነጻጸሪያው መጠን «ከ30 እስከ 100» ይላል፤ በመጨረሻው ጠርዝ ላይም ዝቅተኛ መሆኑን የምታመለክት አንዲት ፊደል፣ «ኤል»፣ ተቀምጣለች። የታካሚው ዓይን በቀጥታ የሚሄደው ወደዚህች ፊደል ነው። እኛ ግን ከመጀመሪያው ዓምድ እንነሣ።

ቫይታሚን ዲ ወደ ሰውነታችን የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቆዳ በኩል ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በዚያ የሚገኝን ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ 3 ይለውጠዋል። ሁለተኛው ምግብና መድኃኒት ነው፤ ስብ ያላቸው የባሕር ዓሣዎች፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጉበት፣ ቫይታሚን የተጨመረበት ወተትና ዘይት፣ እንክብልና ጠብታ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። የእኛ ገበታ፣ ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም፣ ለጤና ብዙ ጥቅም ያለው ቢሆንም በቫይታሚን ዲ በኩል እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም። ከየትም ይምጣ፣ ቫይታሚኑ መጀመሪያ በጉበት ውስጥ ተለውጦ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይሆናል። ይህ በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ክምችት በመሆኑ ሰውነት ምን ያህል ቫይታሚን እንዳለው ለማወቅ የሚለካው እሱ ነው። ቀጥሎ ኩላሊት ከዚህ ክምችት እየወሰደ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ሥራ ላይ የሚውለውን ሆርሞን፣ 1፣25-ዳይሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲን፣ ያዘጋጃል። አንጀት ካልሲየምን ከምግብ እንዲስብ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሁለቱ ስም በጣም ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ቦታ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ስሕተቱም ቀላል አይደለም። ቫይታሚኑ ሲያንስ በአንገት ላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ፓራታይሮይድ ሆርሞንን አብዝተው ያመነጫሉ፤ ይህም ኩላሊትን እየገፋፋ የመጨረሻውን ሆርሞን እንዲያዘጋጅ ያደርገዋል። ስለዚህ ክምችቱ የተመናመነ ሰው በሁለተኛው ምርመራ ኖርማል፣ አልፎ ተርፎም ከፍ ያለ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። 1፣25 የሚለው ምርመራ የራሱ ቦታ አለው፤ የኩላሊት በሽታን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የካልሲየም መብዛትን፣ አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ የአጥንት በሽታዎችን ለማጣራት ያገለግላል። እጥረት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚታዘዘው ግን 25-ሃይድሮክሲ ነው። ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ስም ነው።

ቀጥሎ መለኪያው አለ። አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የሚጻፈው በናኖግራም በሚሊሊትር ነው፤ እንግሊዝና ስዊድን ደግሞ በናኖሞል በሊትር ይጽፉታል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር በ2.5 ማባዛት፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ለ2.5 ማካፈል ይበቃል። ነገሩ ተራ ሒሳብ ቢመስልም ቤተሰቦቻችን በየአህጉሩ ተበትነው በሚኖሩበት በዚህ ዘመን ትልቅ መሳሳት ያመጣል። ለምሳሌ አንዲት እናት አዲስ አበባ ተመርምረው 19 ናኖግራም ተገኘ እንበል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃቸውን ሊጠይቁ ለንደን ሄደው ሲመረመሩ ወረቀቱ 48 ይላል። የዋጡት እንክብል ቁጥራቸውን ከእጥፍ በላይ ያሳደገው ይመስላቸዋል። 48 ናኖሞል ግን ለ2.5 ሲካፈል 19 ናኖግራም ገደማ ነው፤ ቁጥራቸው ካለበት ፈቀቅ አላለም። የተገላቢጦሹ ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። 50 ናኖሞል የሚል የለንደን ውጤት ይዞ የመጣን ሰው ናኖግራም መስሎት «እጅግ በቂ ነው» የሚል፣ ወይም 20 ናኖግራምን እንደ ናኖሞል አንብቦ ከባድ እጥረት ነው ብሎ ከፍተኛ መድኃኒት የሚጀምር አይጠፋም። ውጤት በስልክ ለዘመድ ሲነገር ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም አብሮ መነገር አለበት።

ስለ ልኬቱ ራሱም ጥቂት ልበል። አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙት ፀረ እንግዳ አካላት ቫይታሚኑን በመያዛቸው ላይ የተመሠረተ፣ በማሽን የሚሠራ ፈጣን ዘዴ ነው። ይበልጥ አስተማማኝ የሚባለው ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ሲሆን ዋጋው ውድ በመሆኑ በየቦታው አይገኝም። የአንድ ሰው ደም ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዘዴ ቢለካ የተለያየ ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ አንዳንዶቹ ፈጣን ዘዴዎች በተለይ ቫይታሚን ዲ 2 የሚባለውን ዓይነት አሳንሰው ይለካሉ። ይህ ልዩነት ሳይንቲስቶችን ስላሳሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ልኬቱን በዓለም ደረጃ ለማስማማት ፕሮግራም ጀምሯል። በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መስፈርት መሠረት ብቁ ለሚባል ዘዴ እንኳ የሚፈቀደው መዋዠቅ እስከ 10 ከመቶ ይደርሳል። ይህን በምሳሌያችን ላይ ብናውለው፣ 18.4 የሚለው ቁጥር በተግባር ከ15 እስከ 22 ባለው ክልል ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ማለት ነው። ከነጥብ በኋላ የተጻፈችው 4 የምትሰጠው የትክክለኛነት ስሜት ከልኬቱ አቅም በላይ ነው። ባለፈው ዓመት 21 የነበረ ሰው ዘንድሮ 19 ቢሆን ወረደ ለማለት አይቻልም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ አንዳንድ ማሽኖችን ስለሚያሳስት፣ ደም ከመስጠታችሁ በፊት እሱን እንደምትወስዱ ለባለሙያው መንገር ይጠቅማል። ለዚህ ምርመራ ብሎ መጾም ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ማነጻጸሪያው መጠን እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ ልቆይበት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀታችን «ከ30 እስከ 100» ይላል። ሌላ ላቦራቶሪ «ከ20 በላይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ያው 24 የሆነ ውጤት በአንዱ ወረቀት ላይ ዝቅተኛ፣ በሌላው ላይ ደህና ይሆናል ማለት ነው። ደሙ አንድ ነው፤ የተለያየው ወሰኑን ያወጣው ክፍል ነው። ለመሆኑ 30 ከየት መጣ? 20ስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 ኤንዶክራይን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ከ20 ናኖግራም በታች የሆነውን እጥረት፣ ከ21 እስከ 29 ያለውን አለመሟላት፣ ከ30 በላይ ያለውን በቂ ብሎ ሰየመው። ለ30 ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ የቫይታሚኑ መጠን እያደገ ሲሄድ የፓራታይሮይድ ሆርሞን እየቀነሰ መጥቶ በዚያ አካባቢ ይረጋል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የመርጊያ ነጥብ ከጥናት ወደ ጥናት እጅግ ይለያያል፤ ጭራሽ ያልታየባቸውም ጥናቶች አሉ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች የአጥንትን ጤና መሠረት አድርገው ባወጡት ዘገባ 20 ናኖግራም ለሕዝቡ 97.5 ከመቶ የሚበቃ መሆኑን፣ ለግማሹ ሕዝብ ደግሞ 16 ብቻ የሚበቃው መሆኑን፣ ለእጥረት የሚያጋልጠው ከ12 በታች ሲሆን እንደሆነ አስታወቁ። ሁለቱ ሰነዶች በወራት ልዩነት የወጡ ሲሆን በላቦራቶሪ ወረቀቶች ላይ ይበልጥ የተስፋፋው የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ የምንስትበት ነገር አለ። 20 የተባለው ቁጥር የተቀመጠው ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገውን ሰው ታሳቢ በማድረግ ነው። አንድ አናጢ በር ሲሠራ ከሰፈሩ ረጅም የሆነው ሰው እንኳ ሳያጎነብስ እንዲያልፍ አድርጎ ይሠራዋል፤ በሩ ትንሽ ዝቅ ቢል አብዛኛው ሰው አሁንም ቀና ብሎ ያልፋል። እንደዚሁም ቁጥሩ 18 የሆነ ሰው ፍላጎቱ 16 ወይም 14 ከሆነ ምንም አልጎደለበትም፤ ለእሱ በቂ ነው። ከ20 በታች የሆነውን ሁሉ እጥረት አለበት ማለት ረጅሙ ሰው ብቻ የሚያጎነብስበትን በር ለማንም አይሆንም እንደማለት ነው። የዘገባው አዘጋጆች ከነበሩት መካከል በሃርቫርድ የምታስተምረው ሐኪም ጆአን ማንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ይህንኑ አስረድተው፣ ወረርሽኝ ሆኗል የተባለው የቫይታሚን ዲ እጥረት በአመዛኙ ወሰኑን በተሳሳተ መንገድ ከመጠቀም የመጣ መሆኑን ጽፈዋል።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ ተሻሽሏል። ኤንዶክራይን ሶሳይቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ከ30 በላይ መሆን አለበት የሚለውን የቀድሞ ወሰኑን አንሥቷል፤ ሌላ ምክንያት የሌላቸው ጤነኛ አዋቂዎች ይህን ምርመራ እንዲያው በልማድ እንዳያደርጉም መክሯል። ምክሩ ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሰዎችንም ይጨምራል፤ ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች መመርመር ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ለመናገር ማስረጃው አይበቃም ብሎ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከወጡ በኋላም በብዙ ወረቀቶች ላይ 30 የሚለው ወሰን እንደታተመ አለ። ስለዚህ «ኤል» የምትለዋን ፊደል ስታዩ ማሽኑ የጻፋት አንድ ቁጥር ከሌላ ቁጥር በማነሱ ብቻ እንደሆነ አስቡ።

ቁጥርን ከፍ ማድረግ በራሱ ጤናን ያሻሽላል ወይ የሚለውም በትልቅ ጥናት ተፈትኗል። ማንሰን የመራችው ቫይታል የተባለው ጥናት 25,871 አሜሪካውያንን ያሳተፈ ሲሆን፣ ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ 3 ሲወስዱ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን አስመሳይ እንክብል ወስደዋል። ከአምስት ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ ቫይታሚኑ በካንሰር የመያዝንም ሆነ የልብና የደም ሥር አደጋን አልቀነሰም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት ደግሞ የአጥንት ስብራትንም አልቀነሰም። በጥናቱ የተካተቱት አብዛኞቹ ከባድ እጥረት የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ ውጤት ከባድ እጥረት ያለበትን ሰው ሕክምና አይነካም፤ ለመካከለኛው ቁጥር ግን ብዙ ይናገራል።

ይህን ሁሉ ስል ቫይታሚን ዲ ምንም አይደለም የምል እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ እጥረት አለ፣ ይጎዳል፣ በአገራችንም በዓይናችን የምናየው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ቆዳችን ቫይታሚን ሊያዘጋጅ የሚያስችል ፀሐይ አላት። የ13 ወር ፀጋ ብለን ለዓለም ያስተዋወቅነው ይህንኑ ፀሐይ ነው። እንዲህም ሆኖ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ታመው ከመጡ ሕፃናት መካከል ሪኬትስ፣ ማለትም የልጆችን አጥንት የሚያለሰልሰው በሽታ፣ የተገኘባቸው የሳንባ ምች ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ 13 ጊዜ ገደማ እንደሚበልጡ አሳይቷል። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱ በደንብ አይሰፋም፣ አክታውን ጠርጎ ማውጣት ይከብደዋል፤ የተራ ጉንፋን መጨረሻ ሞት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአዳማ ከተማና በዙሪያው በሚገኙ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ 20 ናኖግራምን ወሰን አድርጎ ከተማሪዎቹ 42 ከመቶው ከዚያ በታች መሆናቸውን አግኝቷል፤ በከተማዎቹ ልጆች ላይ 62 ከመቶ ገደማ፣ በገጠሮቹ ላይ 21 ከመቶ ገደማ ነበር። ስለ ወሰኑ አሁን ያልኩትን ይዘን ብንመለከተው እንኳ፣ በከተማና በገጠር መካከል ያለው ልዩነት የፀሐይ መኖር ብቻ እንደማይበቃ ያስረዳል። ፀሐዩ ቆዳ ላይ ማረፍ አለበት።

ስለ ፀሐይ ማሞቅ የሚሰጠው ምክርም መታረም ያለበት ነገር አለው። ጡት የሚጠባ ልጅ «የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ» ይባላል፤ ነገር ግን ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር ማለዳ ላይ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚበረታው ፀሐይ ወደ መሐል ሰማይ ስትወጣ፣ የሰው ጥላ ከቁመቱ እያጠረ ሲመጣ ነው። መስተዋት ደግሞ ይህን ጨረር ያግደዋል፤ ልጁን በመስኮት በኩል በሚገባ ፀሐይ ማሞቅ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አይሰጠውም። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ከነሙሉ ልብሱና ከነጋቢው ተጠቅልሎ የሚወጣ ሕፃንም እንዲሁ ነው። ጨቅላ ሕፃን ለጠንካራ ፀሐይ ተጋልጦ ቆዳው እንዲቃጠልም አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪኬትስ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሕፃናት ሁሉ እስከ አንድ ዓመታቸው በየቀኑ 400 ዩኒት እንዲያገኙ የመከረው ለዚህ ነው። ጠብታው ያለ ደም ምርመራ ይሰጣል፤ ጤነኛ ሕፃንን ለዚህ ብሎ በመርፌ መውጋት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ 18.4 እንመለስና በተለያዩ ሰዎች እጅ ላይ እናስቀምጠው። ባለቤቱ የ35 ዓመት ጤነኛ የቢሮ ሠራተኛ ቢሆን፣ አጥንቱን የማያመው፣ ጡንቻው የማይደክም፣ ካልሲየሙ ደህና የሆነ፣ እኔ በሽታ አለብህ አልለውም፤ ከቤት ወጣ እንዲልና ቢፈልግ በየቀኑ የሚወሰድ መጠነኛ እንክብል እንዲጀምር እመክረዋለሁ፤ የድካሙን ምክንያት ግን ሌላ ቦታ፣ በደም ማነስ፣ በታይሮይድ፣ በእንቅልፍ፣ በጭንቀት እንፈልገዋለን። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንድ ዝቅተኛ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ፍለጋው ሁሉ ይቆማል፤ ሰውየው እንክብሉን እየዋጠ የብረት እጥረቱ ወይም የታይሮይድ ሕመሙ ሳይታወቅለት ወራት ያልፋሉ።

ያው 18.4 ከቤት የማትወጣ፣ ልብሷ ከፊቷና ከእጇ በቀር ሰውነቷን ሁሉ የሚሸፍን፣ ሁለት ልጆች በላይ በላይ የወለደች ሴት ውጤት ቢሆንና ከመቀመጫዋ ለመነሣት እጇን የምትደገፍ፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅታት፣ ዳሌዋንና ጭኗን የሚያማት ብትሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥሩ ከ12 በላይ ቢሆንም የአጥንት መለስለስ መኖሩን ማጣራት አለብን፤ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝና ፓራታይሮይድ ሆርሞን አብረው ይታዘዙላታል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከፍ ብሎ፣ ፎስፌት ወርዶ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ጨምሮ ከተገኘ እነዚህ ሦስቱ ከቫይታሚኑ ቁጥር ይልቅ የሚታመኑ ምስክሮች ናቸው። በእስራኤል ወደዚያ በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በ1990ዎቹ የታተመ ጥናት እጥረቱ ብዙዎች ላይ እንደሚገኝ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ እንደሚብስ አሳይቷል። በአረብ አገሮች በቤት ውስጥ ሥራ ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ ከጣሪያ በታች የሚውሉ እህቶቻችንም፣ በውጭ ያለው ፀሐይ የሚያቃጥል ቢሆንም፣ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ባለቤቱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል፣ ለዓመታት የወሰደ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ሆኖ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ቢሆን፣ መድኃኒቶቹ ጉበት ቫይታሚኑን ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርጉ ቁጥሩ እየወረደ ሊሄድ ይችላል። በሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሽታው ያለበት ሥጋ ራሱ ከኩላሊት ትእዛዝ ውጭ የመጨረሻውን ሆርሞን ሊያዘጋጅ ስለሚችል፣ ብዙ ቫይታሚን ሲሰጥ ካልሲየም ከልክ በላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ውፍረት ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ከፍተኛ ትኩሳትና ኢንፌክሽንም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የተለካ ውጤት ከዳነ በኋላ ካለው ጋር አይመሳሰልም።

ቆዳችንን የሚመለከት አንድ ጥያቄም ሳይንሱን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ምርመራ ከነጮች ያነሰ ቁጥር አላቸው፤ የአጥንታቸው ጥግግት ግን ይበልጣል፣ ስብራታቸውም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ቫይታሚኑን በደም ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን በጥቁሮች ላይ አነስተኛ ስለሆነ ከፕሮቲኑ ጋር ያልተያያዘው ነጻ ቫይታሚን እኩል ነው ብሎ ነበር። ኋላ በሌላ ዘዴ ሲለካ የፕሮቲኑ ልዩነት እምብዛም አልታየም፤ ማብራሪያው ወደቀ፣ ልዩነቱ ራሱ ግን አሁንም አለ። በነጮች ላይ የተሠራ ወሰን በእኛ ደም ላይ ሲውል ምን ማለት እንደሆነ እርግጠኛ መልስ ባይኖርም፣ ከ20 ጥቂት ዝቅ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ታማሚ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም። ኑሯቸው ስዊድን ወይም እንግሊዝ ለሆነው ወገኖቻችን ግን ጥንቃቄው የበረታ ነው፤ በዚያ ክረምት ፀሐይ ለወራት ቫይታሚን የሚሠራ ጨረር አትሰጥም፤ መጋቢት ላይ የተለካ ቁጥር መስከረም ላይ ከተለካው ዝቅ ይላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መላውን ሕዝብ በመኸርና በክረምት፣ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸውን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 400 ዩኒት፣ እንዲወስዱ እንዲያስቡበት ይመክራል።

ስለ ሪኬትስ አንድ ነገር ልጨምር። እግሩ የተጣመመ ልጅ ሁሉ ቫይታሚን ዲ የጎደለው አይደለም። በናይጄሪያ ጆስ ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ሪኬትስ የያዛቸው ሕፃናት በካልሲየም፣ ወይም በካልሲየምና በቫይታሚን ዲ ሲታከሙ በቫይታሚን ዲ ብቻ ከታከሙት የተሻለ ድነዋል። ወተት የማያገኝና እህል ብቻ የሚበላ ልጅ የሚጎድለው ካልሲየም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእጅ አንጓ ራጅና የደም ኬሚስትሪ ሳይታይ በአንድ ቁጥር ብቻ ሕክምናን መቁረጥ ልጁን ይጎዳዋል።

ሕክምናውን በተመለከተ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ልማድ ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያየ ሰው በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዩኒት በመርፌ ወይም በአፍ ወስዶ፣ ደህና ስላልተሰማው ብቻ ደግሞ የሚደጋግመው። አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት በአፍ ተሰጥቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ ጊዜ ወድቀዋል፣ ብዙ አጥንትም ተሰብሮባቸዋል። አጥንትን ለማጠንከር የተሰጠ መድኃኒት ነው ይህን ያደረገው። ለአብዛኛው አዋቂ የሚመከረው የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት 800 ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ክትትል ከ4,000 ማለፍ አይገባም። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ ከበዛ ለወራት አይወጣም። ከ150 ናኖግራም ሲያልፍ የመመረዝ አደጋው ከፍተኛ ነው፤ የሚጎዳውም በካልሲየም መብዛት ነው። የማያቋርጥ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ኩላሊት እስከ መጎዳት ይደርሳል። ማነጻጸሪያው 100 ድረስ ደህና ስለሚል 95 ላይ መድረስን እንደ ግብ የሚይዝ ሰው አለ፤ ከ50 በላይ መውጣት ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም።

ሕክምና የጀመረ ሰው ምርመራውን ለመድገም ሦስት ወር ያህል ቢጠብቅ ቁጥሩ ተረጋግቶ ያገኘዋል፤ ከዚያ በፊት የሚለካው ገና በመንገድ ላይ ያለ ቁጥር ነው። በግምት በየቀኑ የሚወሰድ 1,000 ዩኒት ቁጥሩን በ10 ናኖግራም ገደማ ያሳድገዋል፤ በጣም ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው ላይ ጭማሪው ይበልጣል፣ በወፈረ ሰው ላይ ያንሳል። የሚደገመው በዚያው ላቦራቶሪ ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ወስዶ ቁጥሩ ፈቀቅ ያላለለት ሰው መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፦ እንክብሉን በእርግጥ በየቀኑ ወስዶታል? የሚወስደው ስብ ካለበት ምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆዱ? ያስታጎለው ጾም ነበር? የተሰጠው ቫይታሚን ዲ 2 ሆኖ ማሽኑ አሳንሶት ይሆን? ቁጥሩን የሚያወርድ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል? ወይስ ሆዱን የሚያስቀምጠው፣ ኪሎው የሚቀንስና ምግብ ከአንጀቱ የማይሰርግ ሰው ነው? ለዚህ የመጨረሻው ምርመራው ከቫይታሚኑ አልፎ ወደ አንጀቱ ይሄዳል።